የልብስ ሰፊው ሦስት አውራ ዶሮዎች

ኤሳህ ዶሮ ጠልታ አታውቅም ነበር፤ ዶሮ ያስጠላት ባሏ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ከአጠገቧ ሹልክ ብሎ የሚነሳው ጁሶህ፣ ሌላ ሴት ጋ የሚሄድ ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ሰብስባ ትከሰው ነበር። ዶሮ ጋ የሚሄድን ባል ግን ለማን ይከሱታል? ያውም ምን ዓይነት ዶሮ! ሴራማ ይሏቸዋል፤ ቁመታቸው ከእርግብ እምብዛም የማይበልጥ፣ ለሥጋም ለእንቁላልም የማይሆኑ፣ ጠረጴዛ ላይ ወጥተው ደረት ለመንፋት ብቻ የተፈጠሩ ጉደኞች ናቸው።

«አንድ ድስት እንኳ አይሞሉም እኮ!» ትለው ነበር።

«ሰው ሸሚዝ የሚያሰፋው ሊበላው ነው እንዴ?» ይላታል እሱ። ጁሶህ ወደ ባቾክ ከተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ልብስ ሰፊ ነው። ዶሮንም የሚያየው በልብስ ሰፊ ዓይን ነበር፤ ትከሻው እንዴት ወረደ፣ ወገቡ የት ጋ ተሰበረ፣ ጭራው እንዴት ቆመ ሲል ይውላል። «ሱሪ ቢሰፋ ማጥበብ ይቻላል፤ ዶሮ ግን አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው» ይላል፤ ከዚያ ለብቻው ይስቃል። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ አንገትጌው የማይጨማደድ ሰው ነበር። ኤሳህ ያገባችው ለዚያ አንገትጌ ብላ ነው ቢባል ብዙ ውሸት የለውም።

በየዓመቱ ሩዙ ከታጨደ በኋላ ባቾክ ላይ የሴራማ ውድድር አለ። ከአንድ ቤት አንድ ዶሮ ብቻ ነው የሚወጣው። ጁሶህ አሥራ አራት ዓመት ወጥቶ ከሦስተኛ በላይ ሆኖ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ራት ላይ ሩዙን በቡዱ፣ በዚያ በሚሸተው የዓሣ መረቅ እያራሰ ድንገት ቀና አለና፣ «አገኘሁት» አላት።

«ማንን?»

«ዶሮውን ነዋ! ከሦስቱ አንዱ ነው።»

«የትኛው?»

«ሲደርስ ታዪዋለሽ። ያንቺን ምላስ አላምነውም፤ ጠዋት ነግሬሽ ከሰዓት ሌህ ጆሮ ይደርሳል» ብሎ ሳቀባት። ሌህ ማለት የጁሶህ የሃያ ዓመት ተፎካካሪ ነው፤ ሦስት ጊዜ አሸንፎ ሦስት መቶ ጊዜ ያወራ ሰው።

በሦስተኛው ቀን ጁሶህ የስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ቀኝ ጎኑ ተያዘ። ቀኝ እጁም ቀኝ እግሩም አልታዘዝ አሉ። አንደበቱ ተዘጋ፤ አፉም ወደ ግራ ተጣመመ። ከሐኪም ቤት ሲመለስ በሦስት ማንኪያ ሩዝ የሚውል ሰው ሆኖ ነበር። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኤሳህን ወደ ጎን ጠራ አድርጋ፣ «ማክ፣ አካሉስ ቀስ እያለ ይበረታል። ሰውየው ግን ልቡን ጥሏል። የሚወደውን ነገር ፈልጊለት» አለቻት፤ ማክ ማለቷ እናቴ ማለቷ ነው።

የሚወደው ነገርማ ይታወቃል። ከግቢው ጥግ በሦስት ሽቦ ቤት ውስጥ ቆሞ ይጮሃል። ውድድሩ ሊደርስ አንድ ሳምንት ቀርቶታል። ኤሳህ ያን ቀን ቆረጠች፦ ያገኘሁት ያለውን ዶሮ ለይታ ባቾክ ጠረጴዛ ላይ ታወጣዋለች፤ ዶሮው ያሸንፋል፤ የባሏም ልብ ይመለሳል። ከሦስቱ የትኛው ነው የሚለውን ብቻ ማወቅ ቀርቷታል። ብቻ አልኩ እንዴ? ዋናው ጣጣ እሱ ነው እንጂ!

አንደኛው ነጭ ነው። ደረቱ ከመነፋቱ የተነሳ አንገቱ ወደ ኋላ ተቀልብሶ ጭራውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። ጠባዩ የሕፃን ነው፤ ሲያቅፉት ዓይኑን ይከድናል። ሁለተኛው ጥቁር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ እግሩ እንደ ስንደዶ። እሱ የራሱን ጥላም አይወድም፤ እህል የምትሰጠውን እጅ ሳይነክስ በልቶ አያውቅም። ሦስተኛው ገብስማ ነው፤ ንጹሕ ሴራማም አይደለም፣ ካፓን ከሚባለው ከጥንቱ የመንደር ድንክ ዶሮ ጋር የተዳቀለ ነው። እግሩ አጭር፣ ወገቡ ሰፊ፣ ነገረ ሥራው ሁሉ የጎረቤት ሴት ነው፤ አንገቱን ጠመም አድርጎ የማይመረምረው ነገር የለም።

ኤሳህ ሦስቱንም ከነቤታቸው ተሸክማ መስኮቱ ሥር ደረደረችና የጁሶህን ጀርባ በትራስ ደግፋ አስቀመጠችው። «አባንግ፣ የትኛው ነው?» አለችው። በዚያ አገር ታላቅ ወንድምንም ባልንም አባንግ ነው የሚሉት።

ጁሶህ አቃሰተ። ከንፈሩ ወደ ግራ ሄደ። በግራ በኩል ያለው ነጩ ነው።

«ነጩ ነው? አልሐምዱሊላህ!» ብላ እንባዋ መጣ። በማግስቱ ግን ቤታቸውን ስታጥብ ቦታ አቀያይራቸው ኖሮ፣ እርግጠኛ ለመሆን ደግማ ብትጠይቀው ከንፈሩ ጥቁሩ ላይ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ገብስማው ላይ።

«ኧረ አባንግ! ትናንት ጥቁር፣ ዛሬ ገብስማ! እኔን ልታሳብደኝ ነው?» ብላ ጮኸችበት። ጮኻበት ደግሞ ተጸጸተችና እግሩን አሸችለት።

አይ ኤሳህ! የሰውየው አፍ ከተጣመመ ሰባት ሳምንቱ ነው፤ ወደ ሰማይ ላሳይ ቢል እንኳ የሚሄደው ወደ ግራ ነው። ሌላ አገር ቢሆን፣ «በደህናው እጅህ ጠቁም» ይባል ነበር። እዚያ ግን ሰው ነገር የሚያሳየው በአገጩ፣ በከንፈሩ፣ አለዚያም በቀኝ እጁ አውራ ጣት ነው። ግራ እጅ ምን እንደሚታጠብበት ሁሉም ያውቃል፤ በግራው የሚጠቁም ያላሳደጉት ነው። ጁሶህ ደግሞ ያሳደጉት ሰው ነው። ግራ እጁን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደብቆ፣ በማይታዘዝ አፉ እየለፋ፣ ላብ እስኪያጠምቀው ድረስ የሆነ ነገር ሊላት ይታገላል። እሷም ከንፈሩን ከንፈሩን እያየች ግራ ትጋባለች።

ግራ የገባው ሰው ምክር ይጠይቃል፤ ምክር የጠየቀ ደግሞ የባሰ ግራ ይገባዋል። ጎረቤቷ ፓክ ሎንግ፣ ባለ ሦስት እግር ሞተር የሚነዱት ሽማግሌ፣ ሦስቱን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ «ቅርጽ ነው ወሳኙ። ዳኛ ዓይን ነው ያለው፤ ዓይን የሚያየው ደረት ነው። ነጩን!» አሏት። ዓሣ ሻጯ ደግሞ ሚዛኗን እንደያዘች፣ «ጥንታዊው ዘር ይበልጣል። አሁን የመጡት ቀጫጭኖች ንፋስ ይወስዳቸዋል፤ ገብስማውን አውጪ» አለቻት። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ኤሳህም የሰማችውን ሁሉ አንገቷ ላይ ጠምጥማ ቤቷ ገባች።

ሌህን ግን አልጠየቀችም። ሌህ ራሱ መጣ፤ ያን ጊዜ ብቻ አይደለም፣ ጁሶህ ከታመመ ይሄ ስድስተኛው ነው። በመጣ ቁጥር ኤሳህ አጥሩ በር ላይ ቆማ፣ «ተኝቷል» ትለዋለች። ለሁሉም የምትለው ይህንኑ ነው። እውነቱን ለመናገር ጁሶህ አይተኛም፤ መጋረጃ ተጋርዶበት ጣሪያ ይቆጥራል። ከአፉ ጥግ ምራቅ ይወርዳል፤ ጠርጋ ሳትጨርስ ይወርዳል። አንገትጌው ተጨማድዶ የማያውቅ ያን ሰው መንደርተኛው በዚህ ሁኔታ እንዲያየው አልፈለገችም። አፍራበት አይደለም፤ ለእሱ አፍራለት ነው። ልዩነቱን ራሷም በደንብ አታውቀውም።

«ካክ ኤሳህ» አለ ሌህ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፤ ታላቅ እህቴ ማለቱ ነው። «ሰባት ሳምንት ሙሉ ይተኛል? ፍየል የዋጠ ዘንዶ ነው እንዴ?»

«ሐኪም ነው ተኛ ያለው።»

«እሺ፣ ልቀስቅሰው አላልኩም። ከደጃፍ ሆኜ ሰላም ልበለው።»

«ዶሮዎቹን ልታይ ነው የመጣኸው፤ አውቅሃለሁ።»

ሌህ አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ። «እንግዲያው ስሚኝ» አላት። «ለተፎካካሪ አይነገርም፤ ለእሱ ስል ነው የምነግርሽ። ቅርጽ የእናት የአባት ነው፤ ልብ ግን የዶሮው የራሱ ነው። አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ብቻቸውን አቁሚያቸው። የሚሸሸውን ተይው። የሚናከሰውንም ተይው፤ ብዙ ሰው ቁጣን ድፍረት ይመስለዋል፣ ፍርሃት ነው እሱ። የማይሸሽ፣ የማይናከስ፣ ሰው እያየው ደስ የሚለው ነው የሚያሸንፈው።»

«እንዲህ ያለ ወንድ ቢገኝማ እኔም አግብቼው ነበር!» አለችና በሩን ዘጋችበት። ይሁን እንጂ ምክሩ ገብቷታል።

ወጥ ቤት ያለውን ጠረጴዛ ጠርጋ ነጩን አቆመችው። ሱብሃነላህ! ደረቱን ነፋ፣ አንገቱን ሰበረ፣ ክንፉን መሬት አስነክቶ በጣቱ ጫፍ ቆመ። «ይሄ ነው!» ብላ ሳትጨርስ የድስት ክዳን ወደቀ፤ ነጩ በርሮ ጉያዋ ገባ። ጥቁሩን አቆመችው፤ እንደ ወታደር ቆመ፤ ቀጥሎ በማንቆርቆሪያው ሆድ ላይ የራሱን መልክ አየና በጡጫ ተያያዙ። ለማላቀቅ ስትገባ አውራ ጣቷን አደማት። ገብስማው አልሸሸም፣ አልተናከሰም፤ ግን አልቆመም። ጠረጴዛው ላይ የቀረችውን የሩዝ ፍሬ ለቀመ፣ የጠረጴዛ ልብሱን ክር መዘዘ፣ ከዚያ አንገቱን ጠመም አድርጎ፣ ምን ልታደርጊ ነው እዚህ ያወጣሽኝ በሚል ዓይን አያት።

«እኔ ምን አውቄ!» አለችው ኤሳህ። ለዶሮ መልስ መስጠት መጀመሯ ነው፤ ለካስ ሰው እንዲህ ነው የሚጀምረው።

ቅዳሜ ጠዋት ድረስ አልቆረጠችም። ወደ ነጩ ሄደች፣ ወደ ገብስማው ተመለሰች፣ በመጨረሻ ጁሶህ መጀመሪያ ቀን ያሳያት ነጩ ነው ብላ ነጩን ቅርጫት ውስጥ ከተተችው። የፓክ ሎንግን ሚስት ጁሶህን እንድትጠብቅላት አስቀምጣ ልትወጣ ስትል፣ ጁሶህ በግራ እጁ የሽርጧን ጫፍ ጨብጦ አልለቅም አለ። ዓይኑ ወደ ቅርጫቱ ሄደ፣ ወደ በሩ ሄደ። ከጉሮሮው ከባድ ድምፅ ወጣ።

«ውሃ ፈለግክ?» ብላ ውሃ አጠጣችው። ግማሹ በአገጩ ፈሰሰ። ጠረገችለት፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ ከሽርጧ አላቅቃ፣ «አሸንፌ እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» ብላው ወጣች።

ባቾክ ላይ ከድንኳኑ ሥር ቀይ ምንጣፍ የለበሰች አንዲት ክብ ጠረጴዛ ናት ያለችው። ዶሮ ብቻውን ይቆማል፤ ሦስት ዳኞች ይዞራሉ፤ ባለቤት ከመስመሩ ወዲህ ሆኖ ይጸልያል። የጁሶህ ስም ሲጠራ ሰው ሁሉ ዞረ። ኤሳህ ነጩን አስቀመጠችው።

ቆመ። ኧረ እንዴት ነው የቆመው! ደረቱ ወደ ላይ፣ አንገቱ ወደ ኋላ፤ ከወንዶቹ አንዱ «አቤት የጁሶህ እጅ!» ሲል ሰማችው። አንድ ደቂቃ አለፈ። ሁለት። ያን ጊዜ ከዳኞቹ አንዱ፣ ጉንፋን የያዘው፣ አንድ ጊዜ አነጠሰ።

ነጩ ከጠረጴዛው ተነስቶ መስመሩን ዘሎ የኤሳህ ሻሽ ላይ አረፈ። ወርዶም ጉያዋ ገብቶ ራሱን ደበቀ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ክፉ ሳቅ አልነበረም፤ ዳኛውም አፍንጫውን እየጠረገ፣ «ማክ፣ እንቁላሉን የጣልሽው አንቺ ነሽ እንዴ?» አላት። እሷ ግን አልሳቀችም። የማን ዶሮ አሸነፈ የሚለውን እንኳ ለመስማት አልቆመችም። ከኋላዋ የሌህ ስም ሲጠራ ብቻ ሰማች።

ቤቷ ስትገባ ጁሶህ ዓይኑን በሩ ላይ ተክሎ ነበር። ቅርጫቱን መሬት ላይ ጣለችው።

«ነጩ አዋረደን! ሻሼ ላይ ወጣ፤ ሕዝብ ሳቀብኝ። ኧረ የትኛው ነበር? ለአላህ ብለህ ንገረኝ! ጥቁሩ ነበር? ገብስማው?» ከዚያ አልቻለችም፣ ተንሰቀሰቀች። «በግራህም ቢሆን አሳየኝ! እኔ እኮ ሚስትህ ነኝ። ሰባት ሳምንት ሙሉ እያጠብኩህ፣ እኔ ፊት ነው ነውር የምትለው?»

ጁሶህ አያት። ከዚያ ግራ እጁን ከብርድ ልብሱ አወጣ። አራቱን ጣቶች አጥፎ አውራ ጣቱን አስቀደመ፤ ያሳደጉት ሰው በቀኙ እንደሚያደርገው ማለት ነው። ኤሳህ ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሽቦ ቤቶቹ ዞረች። አውራ ጣቱ ግን ወደዚያ አልሄደም። ወደ ራሱ ደረት ተመለሰ።

«ደረትህን ያምሃል?»

ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም። አውራ ጣቱን ደረቱ ላይ አሳርፎ፣ ቀጥሎ ወደ በሩ ዘረጋው። እንደገና ደረቱ ላይ፤ እንደገና ወደ በሩ።

«አንተ?» አለች ኤሳህ። «አንተ… በሩ… አንተን?»

ጁሶህ ዓይኑን ከደነ። አዎ ማለቱ ነው።

ኤሳህ አልጋው ጠርዝ ላይ ዘጭ አለች። የትኛው የትኛው እያለች ስትነዘንዘው፣ ሰውየው ለካ አንድም ቀን ዶሮ አልመረጠም። እኔን ውሰጂኝ ነው የሚላት። ከሰው ዓይን እጠብቀዋለሁ ብላ በቁሙ ቀብራዋለች፤ የመጣውን ሁሉ ከበር መልሳ፣ መጋረጃ ጋርዳ። «ወይ እኔ! ወይ እኔ ደንቆሮ!» ብላ ደረቷን መታች። ከዚያ ድንገት ተነሳችና በመስኮቱ ጮኸች፤ «ፓክ ሎንግ! ሞተሩን አስነሱ!»

«ወዴት?»

«ባቾክ!»

«አልቋል እኮ፣ ኤሳህ! ሰዉ እየተመለሰ ነው!»

«አስነሱ ብያለሁ!»

የመጨረሻውን የተተኮሰ ሸሚዝ አለበሰችው፤ የሞተውን እጁን ወደ እጅጌው ስታስገባ እንደ ሕፃን እያባበለችው ነበር። ጥቁር ቆቡን ደፋችለት። ሁለት ሆነው አንስተው ሞተሩ ላይ አስቀመጡት። እሷ አጠገቡ በቀኝ በኩል ሆና ደገፈችው፤ ነጩ ዶሮ የገባበት ቅርጫትም፣ ማን እንደጫነው ሳይታወቅ፣ ከእግሯ ሥር ነበር።

ሲደርሱ ድንኳኑ ግማሹ ፈርሷል። ቀዩ ምንጣፍ ተጠቅልሏል፤ ጠረጴዛዋም እግሮቿ ታጥፈው ግንድ ላይ ተደግፋለች። ሻይ የሚጠጡት ወንዶች ሞተሩ ሲቆም ዞሩ፤ ጁሶህን ሲያዩ ብርጭቆ የያዙ እጆች ባሉበት ቀሩ። ኤሳህ፣ አምጥቼ አጋለጥኩት አለች በልቧ። እንመለስ ልትል አፏን ከፈተች።

ያን ጊዜ ሌህ ከመሀል ወጣ። አሸናፊውን ዶሮ፣ ወርቃማ አንገት ያለውን፣ በብብቱ ይዟል።

«አባንግ ጁሶህ» አለ። «ነቃህ እንዴ?» ሄዶ ጠረጴዛዋን አነሳ፣ እግሮቿን ዘረጋ፣ አምጥቶ ልክ ጁሶህ ፊት ተከላት። ዶሮውን አቆመባት። «ዳኞቹ ያሉትን ብለዋል» አለ። «አሁን አንተ በል።»

ጁሶህ ወደ ፊት ዘንበል አለ። ኤሳህ ያን አስተያየት ታውቀዋለች፤ ሰው የተሰፋለትን ኮት ለብሶ መስታወት ፊት ሲቆም ጁሶህ እንደዚህ ነበር የሚያየው። ዶሮው ደረቱን ነፋ፣ ዞረ፣ ክንፉን ጣለ። ሰዉ ተጠጋ። ከጁሶህ አፍ ጥግ ምራቅ ወረደ፤ አገጩን አልፎ የተተኮሰው አንገትጌ ላይ ተንጠባጠበ። ኤሳህ ጨርቁን ከወገቧ መዘዘች። እጇ ግን መንገድ ላይ ቆመ። ዙሪያውን አየች፤ አንድ ሰው እንኳ ምራቁን እያየ አልነበረም። የሁሉም ዓይን የጁሶህ እጅ ላይ ነበር፤ እሱ ግራ እጁን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አውጥቶ፣ በአውራ ጣቱ የዶሮውን ግራ ክንፍ እያሳየ ነበር።

ሌህ ጎንበስ ብሎ አየ። እንደገና ጎንበስ አለ።

«እውነቱን ነው» አለ ቀና ሲል። «ከቀኙ ዝቅ ይላል። ሦስት ዳኛ ያላየውን!»

ከኋላ አንድ ሰው በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ተላለፈ። ጁሶህም በግማሽ አፉ ሳቀ። ሌህ ዶሮውን ሲያነሳ ሌላው ሰው የራሱን አምጥቶ፣ «የእኔንስ፣ አባንግ ጁሶህ?» ብሎ አቆመ። ከእሱ ኋላ ሌሎቹ ቅርጫታቸውን እየከፈቱ ተሰለፉ። ኤሳህም ጨርቁን ወደ ወገቧ መለሰችና ነጩን ይዛ መጨረሻ ላይ ቆመች።